ጽጌ ሳትሰማ የዋለችበት የስቶክሆልም ቅዳሜ

ከስዊድን ከተመለስን ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር «ስቶክሆልም እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ደህና ናት፤ ውሃ ይበዛባታል» ብዬ አልፋለሁ። ወሬ አልችልም። መጻፍ ግን ይቀለኛል፤ ስለዚህ ከቤት ከወጣንበት ቀን ጀምሬ የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ስለ መጨረሻው ቀን ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሯል። እዚያ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።

የሄድነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጽጌ። እኔ የምኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር ነው፤ ጽጌ እዚያው አቅራቢያ ብሩክሊን ሴንተር ከልጇ ከዮናስ ጋር ትኖራለች። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ሪችፊልድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብረን ሠርተናል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በስደቱ ዘመን፣ ካርቱም ላይ ሦስት ሴቶች ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ሦስተኛዋ ሙሉነሽ ናት። ለእኛ አሜሪካ ሲወጣልን ለእሷ ስዊድን ወጣላት፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ ኖርን። አምና ሙሉነሽ ተቆጣች። «ስሞት ልትመጡ ነው? ያን ጊዜ አልጋ የሚያነጥፍላችሁ አታገኙም» አለችን። በዚህ ቆረጥን።

ጉዞውን በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። በዚያ ወቅት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሰው ቤት ሄዶ ይህን አልበላም፣ ያንን አልቀምስም ማለት ለባለቤቲቱም ለእንግዳውም መከራ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዮናስ ኤርፖርት አደረሰን። የጽጌ ሻንጣ ከተፈቀደው በላይ መዘነ። ለሙሉነሽ ብላ የሚኒሶታ የዱር ሩዝ በከረጢት በከረጢት ሞልታበት ነበር። «ስዊድን ሩዝ የለም?» ብላት «እንዲህ ያለ የለም» አለች። ከሻንጣው ሁለት ካፖርት አውጥታ ደራርባ ለበሰች፤ በግንቦት ሙቀት እንደ ሚኒሶታ ጥር ሰው ሆና ፍተሻውን አለፈች። ዮናስ ሲሰናበተን እኔን ለብቻ ጠራኝና «እትዬ አስካለ፣ የግፊት መድኃኒቷን ስኪፕ እንዳታደርግ ይዩልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የሰጡን ምግብ ፓስታ ነበር፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላነው።

ረቡዕ አምስተርዳም ላይ አውሮፕላን ቀይረን ስቶክሆልም ገባን። ሙሉነሽ ከሚቀበሉት ሰዎች መካከል ቆማ ነበር፤ አላወቅኋትም። ረዥም ሴት ነበረች። አሁን ትከሻዬ ጋ ናት። ጽጌ ግን ከሩቅ አወቀቻትና ሁለቱን ካፖርት እንደደረበች ሮጠች። ሦስታችንም ብዙ አላወራንም፤ በባቡር እስክንሄድ ድረስ ሙሉነሽ የሁለታችንንም እጅ ይዛ ነበር።

ቤቷ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ በፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ሕንፃው እኛ ከተማ ሲዳር ሪቨርሳይድ ያሉትን ፎቆች ይመስላል፤ የተለየው ዙሪያው ጫካ መሆኑ ነው። ጎረቤቶቿ ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያንና ኩርዶች ናቸው። ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ተራ ይይዛል። ሙሉነሽ የዚያን ሳምንት ተራዋን ለጎረቤት ሰጥታ ነበር፤ «እናንተ እያላችሁ ልብስ አላጥብም» ብላ። በግንቦት መጨረሻ እዚያ ማታው ማታ አይመስልም፤ ብርሃኑ አይጠፋም። ለመተኛት መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለችልን።

ሐሙስ በሰፈሩ ባለው ሐይቅ ዙሪያ ተራመድን። ሐይቁ ሚኒያፖሊስ ካሉት ሐይቆች አይለይም፤ ሰዎቹ ይለያሉ። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ባያውቅሽም «ሃይ» ይልሻል፤ እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። ጽጌ ግን ለሁሉም «ሃይ» እያለች ሄደች። አንዲት ሴት ደንግጣ መንገድ ተሻገረች። እኔ በሥራ ዘመኔ ከስዊድን ዘር የሆኑ ብዙ አሮጊቶችን አጥቤ አልብሻለሁ። አንዷ በየጠዋቱ ስለ ስቶክሆልም ታወራኝ ነበር፤ አያቷ የነገሯትን ነው እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላየቻትም። እሷ ያላየችውን እኔ ማየቴ ትንሽ አሳፈረኝ።

ዓርብ ዘነበ፤ ከቤት አልወጣንም። ማታ የሙሉነሽ ልጅ ሊያ ቀረፋ ያለበት ዳቦ ይዛ መጣች። ሊያ እዚያው የተወለደች፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጋት የጥርስ ሐኪም ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ዜማው ብቻ የስዊድን ነው። አክብሮት የሚባለውን አነጋገር አልለመደችም፤ ሁሉንም አንተ፣ አንቺ ትላለች። «ነገ የመጨረሻ ቀናችሁ ነው። እኔ እነዳለሁ። መርከቡን፣ ጀልባውን፣ አሮጌውን ከተማ፣ ሁሉንም እናያለን» አለች። ሙሉነሽ ጉልበቷ ስለሚያማት እንደምትቀር ተናገረች። ጽጌ በደስታ ምን እንደምትለብስ ስታወጣና ስትመልስ አመሸች።

ቅዳሜ ማለዳ ማድ ቤት ሆኜ ኩባያ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። ዮናስ ነው። ሚኒሶታ ገና ዓርብ ማታ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ እማዬ አጠገብዎ ናት?»

«ተኝታለች።»

ትንፋሹን ሰማሁት። «ጋሽ መኮንን አርፏል። ሌሊቱን፤ ልቡ ነው ይላሉ። ዛሬ ከሰዓት ይቀበራል።»

ጋሽ መኮንን የጽጌ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ደሴ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ይኖር ነበር። ጽጌ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልለታለች።

«እዚያ እንዳይነግሯት» አለኝ ዮናስ። «ነገ ትምጣ፣ ትተኛ። ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ይዘን እቤቷ እንነግራታለን። ግፊቷን ያውቃሉ። ሰው ፌስቡክ ላይ ፖስት እንዳያደርግ ቴክስት እያደረግሁ ነው፤ ግን ሁሉንም ስቶፕ ማድረግ አልችልም። ስልኳን አያስይዟት።»

እሺ አልኩ።

ሙሉነሽ ፊቴን አይታ «ማነው?» አለች። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወዲያው ወደ ጽጌ ስልክ ሄዳ አጠፋችውና ዳቦ መያዣው ውስጥ ደበቀችው። ጽጌ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ሊያ መጣች፤ ለሊያም ደረጃው ላይ ሆነን ነገርናት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ወንድሟ እኮ ነው» አለች። «የእሷ ወንድም። ለምንድነው እናንተ የምትወስኑት?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አለች እናቷ።

«አዲስ አበባ ከዚህ ይቀርባል። ዛሬ ማታ በረራ ይኖራል። ለቀብሩ ባትደርስ ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ ትፈልግ ይሆናል። ጠይቃችኋታል?»

«የፈረንጅ ልብ አታምጪብኝ!»

«እማዬ፣ እዚህ ወልደሽኝ የየት አገር ልብ ላምጣ?»

ሙሉነሽ በሩን ገርበብ አደረገች። እኔ ለሊያ የራሴን ነገርኳት። እናቴ ስትሞት የሰማሁት ሥራ ላይ፣ መጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት የሰማሁ መስሏት ደውላ «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። የሚተካኝ ሰው አልነበረም። አንሶላ ማጠፌን ጨርሼ፣ ሁለት ሰው አብልቼ፣ በአውቶቡስ ቤቴ ሄድኩ። በራፉን ስከፍት ማንም አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚሰበሰበው፣ ንጋት የሚጠበቀው፣ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር ነው አልኳት።

ሊያ አዳመጠችኝ። «ያንቺ አይመሳሰልም» አለች። «አንቺን የነገረችሽ የማይሆን ሰው ናት፤ በስልክ። እኛ ግን እዚህ አለን። እኛ እንወዳታለን።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ግን ለዮናስ እሺ ብያለሁ፤ ለአንድ ሰው እሺ ካልኩ በኋላ መመለስ አይሆንልኝም።

«እነዳለሁ» አለች ሊያ። «ግን እኔ አልዋሽም። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ።»

ጽጌ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ ወጣች። ስልኳን ፈለገች። ሙሉነሽ «ባትሪው ሞቷል፤ ሰክቼልሻለሁ፤ እዚህ ይቅር» አለቻት።

«ፎቶ በምን ላነሳ?»

«እኔ አነሳሻለሁ» አልኩ።

«አንቺ? ያንቺ ፎቶ ላይ የሚወጣው አውራ ጣትሽ ነው!» ሳቀች። ሊያ ሳትስቅ የመኪናውን በር ከፈተችልን።

መጀመሪያ የሄድነው ዋሳ የሚባለውን አሮጌ የጦር መርከብ ወደሚያሳዩበት ሙዚየም ነው። ሊያ እንደነገረችን ንጉሡ በብዙ ድካም አሠርተውት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመርቀው፣ ከወደቡ ሳይርቅ ሰጠመ። ከብዙ ዘመን በኋላ አውጥተው አደረቁት።

«እንዴ!» አለች ጽጌ። «ሳይሄድ የሰጠመ መርከብ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ሰው የተሰለፈው? እኛ አገር ቢሆን በአፍረት ስሙንም አናነሳው።»

ሰልፉ ረዥም ነበር። ከፊታችን ሁለት ልጆች የያዘ ጎልማሳ ሐበሻ ዞር ብሎ አየንና ቆቡን አነሳ። «እንደምን አደራችሁ እናቶቼ። ከየት ናችሁ?»

«ከሚኒሶታ» አለች ጽጌ፤ እሷ ሰው ስታገኝ አትቆጥብም። «አገር ቤት ደሴ ነኝ።»

«እኔም የተማርኩት ደሴ ነው!»

«እንግዲያውስ ጋሼን ታውቀዋለህ። መኮንን፣ የሒሳብ አስተማሪው። ወንድሜ ነው።»

የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ቆቡን ደረቱ ላይ ያዘ። «ጋሽ መኮንን? የእርሳቸው እኅት ነዎት? እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት...»

በሕይወቴ የሰው ንግግር አቋርጬ አላውቅም። ያን ጊዜ «ጽጌ፣ ያዢኝ! አዞረኝ!» ብዬ ጮህኩና መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ጽጌ ቦርሳዋን ጥላ ጎንበስ አለችብኝ። ሊያ ሰውየውን ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችውና በስዊድንኛ አነጋገረችው። ከጽጌ ትከሻ በላይ አያቸው ነበር። ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ ራሱን ነቀነቀ።

ጽጌ መጦሪያው ስንሠራ ታደርገው እንደነበረው ሁለት ጣቷን የእጄ አንጓ ላይ አድርጋ ሰዓቷን አየች። «ልብሽ እየዘለለ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ይዘል ነበር። «ጠዋት ምን በላሽ?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ! አረጋዊት ሴት በዳቦ ልትውል ነው?» ከእኔ አንድ ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው።

ሰውየው ውሃ ገዝቶ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። ውሃውን ለእኔ ሰጠና ወደ ጽጌ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። «ሰው ያደረጉኝ እርሳቸው ናቸው» አላት። «ከትምህርት ልወጣ ስል እቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን ለምነውታል።»

«እንዲህ ነው እሱ! በእግሩ ነው የሚመጣው!» አለች ጽጌ፤ ፊቷ በራ። «ስምህን ንገረኝ፤ ስደውልለት እነግረዋለሁ። ይደሰታል!»

ሰውየው ስሙን ነገራት። ከዚያ ልጆቹን ይዞ ከሰልፉ ወጣ፤ መርከቡን ሳያይ ሄደ። «ምን ያለ ጨዋ ነው! ተራውን ለእኛ ለቀቀ» አለች ጽጌ።

ሙዚየሙ ለደካሞች ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳል። ጽጌ አንዱን ይዛ መጣች። አልቀመጥም አልኩ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ያን ሁሉ ዘመን የባዕድ ሰው ገፍቻለሁ፤ አንቺን ብገፋ ምን አለበት?» አለች። ተቀመጥኩ። በዚህ ዓይነት የዋሳን መርከብ ያየሁት እየተገፋሁ ነው። በጣም ትልቅ ነው፤ ጥቁር ነው፤ የውሃ ሽታ እስካሁን ያለው ይመስላል። ጽጌ በየማዕዘኑ እያቆመች፣ ጋቢ ስለሌላት ሹራቧን ጉልበቴ ላይ እያስተካከለች፣ የጻፉትን በእንግሊዝኛ እያነበበችልኝ ዞረች። ወንበሩን ስትገፋ እንደ ድሮው ነበር፤ ጉብታ ሲመጣ ቀድማ ቀስ ትላለች። ሊያ የጽጌን ቦርሳ ይዛ ከጎናችን ትሄዳለች።

ምሳ የበላነው ወደቡ አጠገብ ነው። የተፈጨ ሥጋ አድበልብለው ጠብሰው ከድንችና ከቀይ ማርማላታ ጋር ያቀርቡታል። ሚኒሶታም በገና ሰሞን በስዊድኖቹ ዘንድ ይበላል፤ ማርማላታው ግን እዚያ ይበዛል። ጽጌ የራሷን ግማሽ ወደ እኔ ሳህን አዛወረች። እምቢ ብል «ታመሻል» ትላለች። መታመሜን ለአስተናጋጁም ነግራው ነበር፤ ትራስ አመጣልኝ።

ከዚያ በጀልባ ወደ አሮጌው ከተማ ተሻገርን። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። የባሕር ወፍ መጥታ ከጽጌ እጅ ዳቦዋን ነጠቀች። ጽጌ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ እንባ እስኪያወጣት ድረስ። በአጠገቧ የነበሩት ዝምተኞቹ ስዊድኖች እንኳ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አሮጌው ከተማ ጠባብ ነው፤ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ለእኛ ዕድሜ አይመችም። ቤቶቹ ቢጫና ቀይ ናቸው። እኛ ዘንድ ሴንት ፖል ላይ አሮጌ የሚባል ቤት እዚያ ሕፃን ነው። ጽጌ የሱፍ ሸቀጥ ካለበት ሱቅ ገብታ ግራጫ የአንገት ልብስ መረጠች። እጄ ላይ ጠቀለለችው። «ለጋሼ ይሆናል? ቀለሙ አልደበዘዘም? ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብርድ ይመታዋል።»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ሳትነኪው?»

ነካሁት። «ይሞቃል» አልኩ። ሊያ ከሱቁ ወጣች።

ስንወጣ ሊያ አደባባዩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር። ጽጌ ሄደችና አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ራሷ አዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለሻል። ምን ሆነሻል? ንገሪኝ።»

ሊያ እኔን አየችኝ። ወንበር ስለሌለ የሱቁን ደረጃ መደገፊያ ይዤ ቆሜ ነበር። የምትናገር መሰለኝ፤ ደግሞም ብትናገር ደስ የሚለኝ መሰለኝ።

«አዝኛለሁ» አለች ሊያ።

«ስለምን?»

የጽጌን እጅ ከአገጯ አውርዳ ያዘችው። «ስለምትሄዱ።»

ጽጌ አቀፈቻት። ልጅቷ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እንመጣለን። አንቺም ነይ፤ ዮናስ ይዞሽ ይዞራል። እኛ ቤት መርከብ የለም እንጂ ሐይቅ ሞልቷል» እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። መኪናው ጋ ስንደርስ ሊያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ዋሸሁ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ማታ ሙሉነሽ ጎመን በሥጋ ሠርታ ጠበቀችን። ዓይኗ አብጧል። ጽጌ ስትጠይቃት «ሽንኩርት ነው» አለች። «ዛሬ ሁላችሁም ምን ነካችሁ? አንዷ ትወድቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትላለች» አለች ጽጌ። ሦስታችንም ሳህናችንን አየን። ስልኳን ስትጠይቅ ሙሉነሽ አልበራ እንዳለ ነገረቻት። «እንግዲህ ነገ እሑድ ነው፤ ጋሼን በአስካለ ስልክ ከኤርፖርት እደውልለታለሁ» አለች። «ቤትሽ ገብተሽ በዕረፍት ብታናግሪው ይሻላል» አልኩ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ የምነግረው ብዙ ነው» ብላ ተኛች። እኔ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ሳይ ነበር።

እሑድ ወደ ቤት በረርን። ሙሉነሽ ጽጌን ስትሰናበት አልለቅ አለቻት። በአውሮፕላኑ ጽጌ የራሷን ብርድ ልብስ ለእኔ ደረበችልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ እንዳልውል አስማለችኝ። ማልኩ። ዮናስ ሚኒያፖሊስ ላይ ተቀበለን። እናቱን ሲያቅፋት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አዲስ አበባ ያን ሰዓት ሌሊት ነበርና ጽጌ ለጋሼ መደወሉን ለነገ አደረገችው።

ሰኞ ንጋት ላይ ብሩክሊን ሴንተር ተሰበሰብን። መኪና ሁሉ ሌላ መንገድ ላይ ነበር የቆመው፤ በእግራችን መጣን። ከፊት ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ሴቶቹ። ዮናስ በሩን ከፈተ። ጽጌ ከመኝታ ክፍሏ ወጣችና ሁላችንንም አየች። ይህን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ለማናችንም መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ዓይኗ ከሰው ሰው እየዘለለ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለች።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ የጋሽ መኮንንን ስም ተናገሩ። ስትወድቅ የያዟት ሰዎች ብዙ ነበሩ። መድኃኒቷ ቀርቦ ነበር፤ ውሃም ቀርቦ ነበር። ሁሉ ነገር እንደታሰበው ሆነ።

በእኛ ወግ ሐዘንተኛውና የሥጋ ዘመዱ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይቀመጣሉ፤ ለቅሶ ደራሹ ወንበር ላይ። እኔ በየቀኑ ምግብ ይዤ ሄጄ በር አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ሰው ሲመጣ ውሃ እሰጣለሁ። ጽጌ ለሁሉም ትናገራለች፤ ለእኔ ግን አልተናገረችም። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል ጠራችኝ።

«አስካለ።»

«አቤት።»

«ከዚያ ይቀርብ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሠልስቱን ከልጆቹ ጋር እውል ነበር። አልጋውን እንኳ አየው ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ዮናስ አጠገቧ ተቀምጦ መሬቱን ያያል። እሱ ነው ያለኝ ማለት እችል ነበር። «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አልኩ።

«ብቻዬን አልነበርኩም» አለች። «አንቺ ነበርሽ።»

የውሃውን ጆግ አንሥቼ ልቀዳ ሄድኩ።

ከሴንት ፖል የመጡ ለቅሶ ደራሾች እያለቀሱ ገቡ፤ ቤቱ በሙሉ እንደገና ለለቅሶ ተነሣ። ለቅሶው በርዶ ሁሉም ቦታ ሲይዝ ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። የውሃውን ጆግ እንደያዝኩ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ጽጌ አየችኝ። ጎኗ የነበረውን ትራስ አነሣችና ወደ ዮናስ ጠጋ አለች፤ ፍራሹ ላይ ክፍት ቦታ ሆነ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለች። «አንቺ ከእኔ ሁለት ቀን ቀድመሽ ነው ሐዘን የተቀመጥሽው። ነይ።»

ጉልበቴ ለመሬት እሺ ስለማይለኝ እሷ በአንድ እጄ፣ ዮናስ በሌላው ይዘው ዝቅ አደረጉኝ። ያለቀስኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።